የፍላይ ፊሺንግ ወዳጆችን ደሴ ላይ ለመሰብሰብ፦ ከደብዳቤው እስከ ሎጎ ሐይቅ

ፍላይ ፊሺንግ ከላባና ከክር በተሠራች ሰው ሠራሽ ዝንብ አሣ ማጥመድ ነው። ለብቻ ሲለምዱት ይከብዳል። ቪዲዮ እያዩ መሞከር ይቻላል፤ ግን ክንዳችሁ የት ላይ እንደቆመ ራሳችሁ አታዩትም። የሚያይላችሁ ከጎን የቆመ ሰው ነው። ባሕር ዳርም ሆነ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭም ሆነ ባሌ፣ ሁለት ሦስት ሆነው የሚያጠምዱ ሰዎች በዓመት አንዴ እንኳ አንድ ሜዳ ላይ ይገናኙ የምለው ለዚህ ነው።

ይህ መመሪያ እንዲህ ያለውን መሰባሰብ ደሴ ላይ ለማዘጋጀት ላሰቡ ነው። ማኅተም ያለው ክለብ ካላችሁ ጥሩ። ከሌላችሁም አራት አምስት የሚተማመኑ ጓደኛሞች ይበቃሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሠላሳ ሰው በላይ አትጥሩ። ከዚያ በላይ ሲሆን አንዱ ያስተምራል፣ ሌላው ቆሞ ያያል፤ ትርፉ ድካም ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። የምታጠምዱበት፣ ከደሴ በስተሰሜን ያለው ሎጎ ሐይቅ ባለቤት አለው። በየሌሊቱ መረብ እየዘረጉ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አሣ አጥማጆች አሉ። እነሱ ያልተጠሩበትና ያልተጠቀሙበት ዝግጅት እዚያ ውሃ ላይ መደረግ የለበትም ባይ ነኝ። ከታች የምጽፈው አብዛኛው ነገር ከዚህ የሚነሳ ነው።

ቀን መቁረጥ

ክረምቱ መስከረም ላይ ይወጣል። ጎርፍ ያደፈረሰው የሐይቁ ዳር እስኪጠራ ግን ጥቅምት ይደርሳል። የነቢያት ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል። ስለዚህ የእኔ ምርጫ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር 14 ያለው ጊዜ ነው። ያ ካልተመቸ ከጥምቀት በኋላ ያለው ጥር ጥሩ ነው። ከየካቲት ወዲያ ወሎ በልግ አለው፤ ሁዳዴም ይገባል።

ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ስለሚመጣ የዓመቱን አቆጣጠር ሳታዩ ቀን አትቁረጡ። ወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ የሚበላበት አገር ነው። ግማሹ ተጋባዥ በሚጾምበት ቀን ምሳ ማሰናዳት ነውር ነው።

የሳምንቱ ቀንም ይታሰብበት። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሜዳ ላይ የገመድ ውርወራ ልምምድ፣ ዓርብ ማታ የዝንብ ሥራ፣ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ሐይቅ፣ እሑድ መሸኛ። እሑድ ጠዋት ምንም አትያዙ። ቅዳሴ የሚሄድ ይሂድ፣ መንገድ ያለበትም በጊዜ ይውጣ።

ጥቅምትና ኅዳር አዝመራ የሚደርስበት ወቅት መሆኑን ደግሞ አትርሱ። ሐይቁ ዳር ድረስ የሚታረስ መሬት አለ። እንግዶቻችሁ ሰብል ረግጠው እንዳያልፉ፣ የምትሄዱበትን የእግር መንገድ ቀድማችሁ ለይታችሁ አሳዩአቸው።

ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ?

ኮምቦልቻ ሞቅ ይላል፣ ሜዳ አለው፣ አውሮፕላን ማረፊያው እዚያ ነው። ደሴ ደግሞ ከፍታው 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ማታ ማታ ይበርዳል። ሁለቱን ከተሞች የሚለያያቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ግን በሐረጎ የሚጠማዘዝ ዳገት ነው። ሎጎ ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ኮምቦልቻ ያደረ ሰው ቅዳሜ ጠዋት ሐረጎን ወጥቶ ደሴን አቋርጦ ነው የሚደርሰው፤ የጠዋቱ ጥሩ ሰዓት መንገድ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ማደሪያው ደሴ ይሁን። በአውሮፕላን የሚመጣውን ከኮምቦልቻ የሚያመጣ አንድ መኪና መድቡ። ለሁሉም ጋቢ ወይም ወፍራም ጃኬት እንዲይዙ ንገሯቸው። ከአርባ ምንጭ የሚመጣ ሰው የደሴን ማታ ላያውቀው ይችላል።

ከመነሳታቸው በፊት የየመንገዱን ሁኔታ ከአካባቢው ሰው ጠይቃችሁ ለሁሉም አሳውቁ። ይህን ሥራ ለአንድ ሰው ስጡት። ለሁሉም የተተወ ሥራ ባለቤት አይኖረውም።

ደብዳቤው

ሎጎ ሐይቅ የሚገኘው በተሁለደሬ ወረዳ ነው፤ የወረዳው ዋና ከተማም ሐይቅ ከተማ ናት። በፌዴራል ደረጃ የአሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ ክልሉም የራሱ ሕግ አለው። የት፣ በምንና ምን ያህል ማጥመድ እንደሚፈቀድ መጠየቅ ያለበት የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ነው። በስልክ የተገኘ «ችግር የለም» አይበቃም። በአካል ሂዱ፣ ደብዳቤ ያዙ። እንዲህ ብሎ ይጀምር፦

«ለተሁለደሬ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት
ሐይቅ
ጉዳዩ፦ በሎጎ ሐይቅ ዳር ለአንድ ቀን በመንጠቆ አሣ ለማጥመድ ፈቃድና ትብብር ስለመጠየቅ»

ቀጥሎ አምስት ነገር ይግባ። የሰው ብዛት፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የምትጠቀሙበት መሣሪያ ዘንግና መንጠቆ ብቻ መሆኑ፣ የተያዘው አሣ ምን እንደሚደረግ፣ የኃላፊው ስምና ስልክ። ከታች ግልባጭ ለከተማው አስተዳደርና ለፖሊስ ይሁን። ሠላሳ ሰው ረጃጅም ዘንግ ይዞ ከአውቶቡስ ሲወርድ ማንም ይጠይቃል። ቀድሞ ያወቀ ፖሊስ ግን ራሱ መንገድ ያሳያችኋል። ደብዳቤውን ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት አስገቡ። መዝገብ ቤት የሰጣችሁን ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ ክትትሉ የሚቀለው በእሱ ነው።

ከአሣ አጥማጆቹ ጋር

ቀጥሎ ወደ ሐይቁ ዳር ውረዱ። ጠዋት መረብ አውጥተው ሲጨርሱ ሂዱ፤ ሥራ ላይ ያለን ሰው አታቋርጡ። አዛውንቱን ፈልጉ፣ ተቀመጡ፣ ቡና ከቀረበ ጠጡ። ከዚያ ነው ጉዳዩ የሚነሳው። «አባባ፣ እኛ የመጣነው ለመማርም ለመጫወትም ነው፤ መረባችሁ ያለበትን አሳዩን፣ ከዚያ ራቅ ብለን እንቆማለን» ብትሉ ግልጽ ነው።

ሦስት ነገር ጠይቋቸው። ቅዳሜ መረብ የሚዘረጉት የት ነው? በዚያ ወር አሣው ወደ ዳር የሚወጣው የት ነው? ጀልባ ያለው ማን ነው? ለጀልባውና መንገድ ለሚመራችሁ ሰው የሚከፈለውን እዚያው ተስማሙ። በቃል ብቻ አትተዉት፤ በወረቀት ጻፉት።

ዋናው ነገር ግን ይህ ነው። የቅዳሜውን ምሳ አሣ ከእነሱ ግዙ። ሠላሳ ሰው የሚበላው አሣ ለአንድ ጠዋት ጥሩ ገበያ ነው። ዋጋውን እነሱ ይናገሩ፤ አትከራከሩ። እናንተ የያዛችሁትን ደግሞ አትሽጡ፣ በፌስታል ሞልታችሁም ይዛችሁ አትሂዱ። በሌላ አገር የፍላይ አጥማጅ ልማዱ የያዘውን መልሶ መልቀቅ ነው። ሎጎ ዳር ግን የተያዘ አሣ ሲለቀቅ ማየት ለብዙ ሰው ግር ይላል፤ ምግብ ነውና። ስለዚህ ከመጀመሪያው አስረዱ፦ ትንንሹን እንለቃለን፣ ትልልቁ እንደ ስምምነታችን ለቤተሰብ ይሰጣል። ይህን ሳትነጋገሩ መልቀቅ ብትጀምሩ ስድብ ይመስላል።

ሐይቁ ላይ ስላለው ገዳምም አንድ ቃል። ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ የተመሠረተ ገዳም ነው። ዱሮ ደሴት ነበር፣ አሁን ከየብስ ጋር ተገናኝቷል። የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴቶች አይገቡም። ከተጋባዦቻችሁ ሴቶች ካሉ ይህን ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ በር ላይ ደርሰው እንዳይሰሙት። በገዳሙ ዙሪያ ባለው ውሃ ላይ ዘንግ አታንሱ። መሳለም የሚፈልግ ዘንጉን መኪና ውስጥ ትቶ ይሂድ።

ዓርብ ከሰዓት፦ ሜዳው

ሣር ያለበት ሜዳ ያስፈልጋል። የትምህርት ቤት ኳስ ሜዳ ይበቃል፤ ርእሰ መምህሩን አስፈቅዱ። በአንድ ሰው ፊትም ኋላም 15 ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ይኑር፣ በሁለት ወርዋሪዎች መካከል ደግሞ ቢያንስ 5 ሜትር። መንጠቆ ሜዳ ላይ ክልክል ነው። በምትኩ ክሩ ጫፍ ላይ ደማቅ የሱፍ ክር እሰሩ። መነጽርና ባርኔጣ ግን እዚያም አይቀርም።

ለጀማሪ ቁጥር 5 ወይም 6 የሆነ (ቁጥሩ የሚወረውረውን ገመድ ክብደት ያሳያል)፣ 9 ጫማ (2.74 ሜትር) ርዝመት ያለው ዘንግ ጥሩ ነው። የራሱ ዘንግ የሌለው ብዙ ስለሚሆን ለሦስት ሰው አንድ ዘንግ መድቡ። አንዱ ሲወረውር ሁለተኛው ከጎን ቆሞ ያያል፣ ሦስተኛው ያርፋል። ከሁሉም የሚማረው ከጎን የሚያየው ነው።

ትምህርቱ ከዚህ ይጀምር። በተለመደው መንጠቆ ክሩን የሚወስደው ክሩ ላይ የታሰረው የእርሳስ ክብደት ነው። በፍላይ ግን ዝንቧ ክብደት የላትም። የሚወረወረው ወፍራሙ ገመድ ራሱ ነው፤ ዝንቧ ተከትላ ትሄዳለች።

ከዚያ በኋላ በተግባር። ስምንት ሜትር ያህል ገመድ ከፊታችሁ ሣሩ ላይ ዘርጉ። የዘንጉን ጫፍ ወደ መሬት ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ። የግድግዳ ሰዓት ከጎናችሁ እንዳለ አስቡ፤ ዘንጉ ከራስ በላይ ቀጥ ሲል 12 ላይ ነው። በዝግታ ጀምራችሁ እያፈጠናችሁ አንሱና ከ12 ትንሽ አልፋችሁ 1 ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ። እዚያ ጠብቁ። ገመዱ ከኋላ ተዘርግቶ እስኪያልቅ ጠብቁ። ከዚያ ወደ ፊት፣ 10 ላይ አቁሙ። ገመዱ ፊት ለፊት ሲዘረጋ ዘንጉን ዝቅ አድርጉ።

ጉልበት አይጠይቅም፤ መቆም ነው የሚጠይቀው። የጀማሪ ሁሉ ችግር ኋላ ላይ አለመጠበቅ ነው። ቡሄ ላይ ጅራፍ ያጮኸ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ጅራፍ የሚጮኸው ተዘርግቶ ሳያልቅ በድንገት ሲመለስ ነው። በፍላይ ያንን ድምፅ ከኋላችሁ ከሰማችሁ ቸኩላችኋል ማለት ነው፤ ውሃ ላይ ቢሆን ዝንቧ ተበጥሳ ሄዳለች። ወንዶች ልጆች መጀመሪያ ሁሉንም ያጮኻሉ። አንገታችሁን ዞር አድርጋችሁ ገመዱን በዓይን እንድትከተሉ ያደረገ አስተማሪ ጥሩ አስተማሪ ነው።

ገመዱ መዘርጋት ሲጀምር አሮጌ የብስክሌት ጎማዎች በ8፣ በ10 እና በ12 ሜትር ላይ አስቀምጡ። ውድድሩ የሱፍ ክሩን ጎማው ውስጥ መጣል ነው። ርቀት አታወዳድሩ። ርቀት ሲወዳደር ሰው ይደነብራል፣ የተማረውንም ይረሳል። የአሣ አጥማጆቹ ልጆች መምጣት ከቻሉ ትራንስፖርታቸውን ሸፍናችሁ አምጧቸው፤ ከሁሉ የሚያምር ውርወራ ከእነሱ ቢገኝ አይገርመኝም።

ዓርብ ማታ፦ የላባው ጠረጴዛ

ዕቃው ቀላል ነው። ትንሽ ሞርሳ፣ ሹል መቀስ፣ ቀጭን የስፌት ክር፣ ቁጥር 8 ወይም 10 መንጠቆ፣ ፒንሳ። ላባውን ለመግዛት አትልፉ። ለበዓል ዶሮ ሲታረድ የአውራ ዶሮውን የአንገት ላባ አስቀሩ። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ታጥቦ፣ ጥላ ውስጥ ደርቆ፣ በወረቀት ፖስታ ይቀመጥ። የፍየል ፀጉርና የሱፍ ክርም ከገበያ ይገኛል።

ለሁሉም አንድ ዓይነት ዝንብ አስተምሩ። ከመጀመሪያው የመንጠቆውን እሾህ፣ ማለትም ጫፉ አጠገብ ወደ ኋላ የዞረውን ጥርስ፣ በፒንሳ ጨፍልቁት። መንጠቆውን ሞርሳው ላይ አጥብቁ። ክሩን ከዓይኑ ጀምራችሁ ወደ ኋላ እስከ መታጠፊያው ጠምጥሙ። እዚያ ላይ ትንሽ የፍየል ፀጉር እሰሩ፤ ጭራዋ ይህ ነው፣ ርዝመቱ ከመንጠቆው አይብለጥ። እዚያው ላይ የላባውን ጫፍና የሱፍ ክሩን እሰሩ። ሱፉን ወደ ፊት ጠቅልሉት፤ ሰውነቷ ይህ ነው። ከዚያ ላባውን በሱፉ ላይ አራት አምስት ጊዜ እየዞራችሁ ወደ ፊት አምጡ። ዓይኑ አጠገብ እሰሩ፣ ቁረጡ፣ ቋጠሮውን በጥፍር ቀለም ጠብታ አትሙ። ጥቁር ወይም ጥቁር አረንጓዴ ይበቃል። የመጀመሪያዋ ወፍራም ትሆናለች፤ አሣው አይመርጥም።

ቆሮሶ (ቲላፒያ) በአብዛኛው አልጌና ጥቃቅን ነፍሳት ስለሚበላ ለእሱ ተለቅ ያለች አትሆንም። ቁጥር 12 ወይም 14 መንጠቆ ላይ (ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል) ያለ ጭራ፣ በቀጭኑ የተሠራች ትሁን። ትልቋን ዝንብ ለአምባዛ ያዙ፤ እሱ የሚቀናው ሲመሽ ነው።

ጠረጴዛው ላይ እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ውሃ ያውራ። የባሌ ሰዎች በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ ወንዞቻቸው ላይ ስለተለቀቀው ትራውት ያውሩ። የአርባ ምንጮቹ የጫሞን ትልልቅ አሣ ያውሩ። የሚቀረው የመሰንቆ ነገር ነው። አምባሰልና ባቲ የሚባሉት ቅኝቶች ስማቸው የዚሁ አካባቢ ስም ነው። አንድ መሰንቆ ተጫዋች ጥሩ፤ ያለ ማይክራፎን ይሁን፣ ሰው ይነጋገርበት።

ቅዳሜ፦ ሎጎ ሐይቅ

ከደሴ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሱ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ለጀማሪ ውርወራው ይበላሻል፤ ጠዋቱን አታባክኑ።

ከአውቶቡስ ሳይወርዱ ዕቃ ፈትሹ። ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ከየአገሩ ሐይቅ ሰው ስትሰበስቡ ከየሐይቁ የሚመጣም ነገር አለ። ጣና ላይ እምቦጭ በፈረንጆቹ 2011 ዓ.ም. ከታየ ወዲህ የደረሰውን ሁሉም ያውቃል። አንድ ቁራጭ ተክል በመረብ ወይም በጫማ ተጣብቆ ቢመጣ ለሎጎ ዕዳ ነው። ስለዚህ ሁሉም ጫማውን፣ የእጅ መረቡንና ገመዱን ቤቱ አጥቦ፣ ፀሐይ ላይ አድርቆ ይምጣ። እርጥብ ዕቃ ይዞ የመጣ በዚያ ዕቃ አያጠምድም፤ ሌላ ተውሶ ያጥምድ። ከሌላ ውሃ የመጣ ማንኛውም ሕይወት ያለው ነገር ደግሞ በፍጹም አይገባም።

ውሃ ውስጥ አትግቡ። በአካባቢው ቢልሃርዚያ አለ፤ የሚተላለፈውም በቀንድ አውጣ አማካይነት ጥልቀት በሌለው የዳር ውሃ ነው። ከዳር ወይም ከጀልባ አጥምዱ። ሐይቁ ጥልቅ ስለሆነ ጀልባ ላይ የሚወጣ ሁሉ፣ ዋናተኛም ቢሆን፣ ሕይወት አድን ጃኬት ይልበስ። ጃኬት ያልተገኘለት ዳር ይቀራል። አንድ ጀልባ ላይ አንድ ወርዋሪ ብቻ።

አሣ ሲያዝ እጃችሁን አስቀድማችሁ በውሃ አርጥቡ። ደረቅ እጅ የአሣውን ልጋግ ይገፋል፣ ከዚያ ቆዳው ይታመማል። አሣው ከውሃ ብዙ አይውጣ። ፎቶ የሚነሳ ካሜራውን አዘጋጅቶ ይጠብቅ።

ቆሮሶ ላይ ልብ በሉ። ወደ ሎጎ የገባው በሰው እጅ ነው፣ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ፤ ዛሬ ግን የብዙ ቤት እንጀራ ነው። ሴቷ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምታሳድገው። መንጠቆ የነከሰች ቆሮሶ ስትቀርቧት ከአፏ ጥቃቅን ነገር ስትተፋ ካያችሁ ልጆቿ ናቸው። ከውሃ ሳታወጧት ወዲያው ልቀቋት፤ ከዚያ ቦታም ተነሱና ሌላ ቦታ ቁሙ።

ሰው ላይ መንጠቆ ከገባ፣ እሾሁ የተጨፈለቀ ስለሆነ በገባበት መንገድ ወደ ኋላ ሲሳብ ይወጣል። ቁስሉን በሳሙና እጠቡና የቴታነስ መርፌ ጉዳይ ለጤና ባለሙያ ይነገር። ዓይን አጠገብ ከሆነ ግን አትንኩት። ሸፍናችሁ በቀጥታ ደሴ ሆስፒታል ውሰዱ። ለዚህ ሲባል አንድ መኪና ቀኑን ሙሉ ሾፌሩ ሳይርቅ ይቁም።

ገንዘብና ማግስት

ወጪው አውቶቡስ፣ ምሳ፣ ጀልባ፣ መንገድ መሪ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥንና ለተማሪ የሚሆን መንጠቆ ነው። ደምሩና ለሰው አካፍሉት። ከሩቅ የሚመጣውን ትንሽ ቀንሱለት። በቴሌብር አስቀድሞ የከፈለ ብቻ ይቆጠር፤ «እመጣለሁ» ብሎ የሚቀር ሰው የተሠራ ምሳ ያባክናል። ሒሳቡን በመጨረሻው ቀን ለሁሉም አሳዩ።

ሰኞ የሚቀር ሥራ አለ። ስንት አሣ ተያዘ፣ ምን ዓይነት፣ ርዝመቱ ስንት፣ ስንቱ ተለቀቀ የሚለውን በአንድ ገጽ ጻፉና ለግብርና ጽሕፈት ቤቱ አስገቡ። አንድ ቅጂ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ላሉ የባዮሎጂ መምህራን፣ ሌላ ቅጂ ለአሣ አጥማጆቹ ይድረስ፤ ለእነሱ ግን ሄዳችሁ አንብቡላቸው። በዚያው አጋጣሚ ያስቸገራቸው ነገር ካለ ጠይቁ። የሚቀጥለው ዓመት ደብዳቤ ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው እሱ ይሁን።